ተረትተው ያገኙ፣ ረትተው የጠበቁ
ስለ ሳሚ ሕዝብና ስለ ኖርዌይ ሕግ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ስለ ሩቅ ሰሜን ሕዝቦች እንድናገር በተጋበዝሁ ቁጥር አድማጩ አስቀድሞ በልቡ የሣለው ሥዕል ይጠብቀኛል። በረዶ አለ፤ ነጭ ድብ አለ፤ በበጋ የማትጠልቅ፣ በክረምት የማትወጣ ፀሐይ አለች። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ጉድለቱ ሰው የሌለበት መሆኑ ነው። ሰው የለበትም የተባለ አገር ደግሞ ባለቤት የለውም ተብሎ በቀላሉ ይወሰዳል። ስለዚህ ስለ በረዶው የምናገረው ጥቂት ይሆናል። የምናገረው ስለ አንድ ሕዝብ፣ ስለ አንድ መንግሥትና ስለ ሁለት ሙግቶች ነው። እዚህ የተሰበሰብነው የሕግ ሰዎች ነንና ስለ ሙግት ባበዛ እንደማትቀየሙኝ አምናለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ሕዝቡ ሳሚ ይባላል፤ መንግሥቱ የኖርዌይ መንግሥት ነው። የመጀመሪያው ሙግት በ1982፣ ሁለተኛው በ2021 በኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጨረሻ ውሳኔ አገኙ። በሁለቱም ክርክሮች የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን 27ኛ አንቀጽ ተጠቅሷል። ይኸውም አናሳ ሕዝቦች በባህላቸው የመጠቀም መብታቸው እንዳይነፈጋቸው የሚያዝዘው አንቀጽ ነው። በመጀመሪያው ሙግት ሳሚዎች ተረቱ፤ በሁለተኛው ረቱ። ነገሩ ሲመረመር ግን ከተረቱ በኋላ ያገኙት ከረቱ በኋላ ካገኙት የሚበልጥ ሆኖ ይታያል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የዛሬው ንግግሬ ጥያቄ ይኸው ነው።

በቅድሚያ ስለ ሕዝቡ ጥቂት ልበል። የሳሚ ሕዝብ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ የኮላ ባሕረ ገብ መሬት ይኖራል። አገሩን በራሱ ቋንቋ ሳፕሚ ይለዋል። ሌሎች ለረጅም ዘመን «ላፕ» ይሉት ነበር፤ ሳሚዎች ይህን ስም እንደ ስድብ ስለሚቆጥሩት ዛሬ በጨዋ ንግግር አይነሣም። ብዙ ሰው ሳሚ ሁሉ ሬንዲር የሚባለውን የሰሜን አጋዘን የሚያረባ ይመስለዋል። በእውነቱ በኖርዌይ ካሉት ሳሚዎች መካከል አርቢዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙት በዓሣ ማጥመድ፣ በእርሻና በከተማ ሥራ የሚኖሩ ናቸው። ሆኖም ሬንዲር ያለ ሰፊ ምድር አይኖርምና የመሬት ክርክር በተነሣ ቁጥር በግንባር የሚገኘው አርቢው ነው።

ሬንዲር በዓመት ውስጥ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዘዋወራል። የሚወልድበት፣ በጋውን የሚያሳልፍበትና የሚከርምበት ምድር የተለያየ ነው። በክረምት በረዶውን በሰኮናው እየጫረ፣ ከሥሩ በመሬትና በድንጋይ ላይ የተለጠፈውን ግራጫ ላይከን ይበላል። በረዶው ቀልጦ እንደገና ከጠጠረ ግን መጫር አይችልም፤ ያን ጊዜ ነፋስ በረዶውን የሚጠርግለት ከፍተኛ ስፍራ ካላገኘ ይራባል። የመንጋውን ብዛት የሚወስነው እንግዲህ የበጋው ግጦሽ ስፋት ሳይሆን የክረምቱ ግጦሽ መኖር ነው። አገራችንን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ የአፋር ከብት በደረቁ ወራት የአዋሽን ዳር ካጣ፣ ዝናብ ሲጥል የሚበቅለው ሣር ብዛት አያድነውም። ይህን ነጥብ በልባችሁ አኑሩልኝ፤ ኋላ ዳኞቹም የተመለሱበት ነጥብ ነው።

የሕጉን ታሪክ ከ1751 ብንጀምር ይበቃናል። በዚያ ዓመት በአንድ ዘውድ ሥር የነበሩት ዴንማርክና ኖርዌይ ከስዊድን ጋር ድንበር ሲከልሉ፣ መስመሩ የሳሚዎችን የመንጋ መንገድ የሚሰነጥቅ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በድንበሩ ውል ላይ የተለየ ሰነድ ታከለ። ሳሚዎች በፀደይና በመጸው እንደ ጥንት ልማዳቸው መንጋቸውን እየነዱ ድንበሩን እንዲሻገሩ ተፈቀደላቸው፤ በሁለቱ ዘውዶች መካከል ጦርነት ቢነሣ እንኳ መብቱ እንዳይቋረጥ ተጻፈ። እንዲህ ያለ ሰነድ በ18ኛው መቶ ዓመት መውጣቱ ሊደነቅ ይገባዋል።

የተከተለው ዘመን ግን የከፋ ሆነ። በ1852 በኖርዌይና በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር በነበረችው ፊንላንድ መካከል ያለው ድንበር ለመንጋ ተዘጋ። በዚያው ዓመት በካውቶኬይኖ ጥቂት ሳሚዎች ዐምፀው ነጋዴውንና የመንግሥቱን ሹም ገደሉ። ሁለቱ መሪዎች በ1854 አንገታቸውን ተቀሉ፤ ራስ ቅላቸው ለዩኒቨርሲቲ ምርምር ተላከ። ተመልሶ የተቀበረው በ1997 ነው። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ወገን ነኝና ይህን ሳልናገር ባልፍ አይገባም፤ ስለዚህ ሕዝብ በአደባባይ ይናገሩ ከነበሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ ማስረጃ ያደርጉ የነበረው የራስ ቅል ልክን ነው። ሕግ አውጪውም ወደ ኋላ አላለም። በ1902 የወጣው የመሬት ሕግና ደንቡ በፊንማርክ የመንግሥትን መሬት መግዛት የሚችለው ኖርዌይኛ የሚናገር፣ የሚያነብና የሚጽፍ፣ በየዕለቱም የሚገለገልበት ሰው ብቻ እንዲሆን አደረጉ። የገዛ አባቱ የኖረበትን መሬት ለመግዛት የሌላ ሰው ቋንቋ መማር ግዴታ ሆነ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱም ልጆቹን ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያፋታ ነበር።

ወደ መጀመሪያው ሙግት ልለፍ። የኖርዌይ መንግሥት በፊንማርክ የሚገኘውን የአልታን ወንዝ ገድቦ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት አሰበ። የመጀመሪያው ንድፍ ማዜ የተባለውን የሳሚዎች መንደር በውኃ የሚያሰጥም ነበር። ተቃውሞው ሲበረታ በ1973 መንደሩ ከመስጠም ዳነ፤ ንድፉም አንሶ ቀረበ። ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ በ1978 ግድቡ እንዲሠራ ፈቀደ። በጥቅምት 1979 ሰባት ሳሚዎች በኦስሎ በምክር ቤቱ ሕንፃ ፊት ለፊት ላቩ የሚባለውን ድንኳናቸውን ተክለው ምግብ አንበላም አሉ። በጥር 1981 ስድስት መቶ ያህል ፖሊሶች ወደ ስቲላ ተልከው፣ ራሳቸውን በሰንሰለት ያሰሩትን ተቃዋሚዎች ከመንገዱ ላይ እየቆረጡ አነሡ። በየካቲት ደግሞ ዐሥራ አራት የሳሚ ሴቶች በዚያው ሰሞን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑትን ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድን ሊያነጋግሩ ገብተው፣ ከጽሕፈት ቤቱ አንወጣም ብለው ተቀመጡ። ፖሊስ ነው ያስወጣቸው።

በየካቲት 1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ጉባኤ ተሰይሞ ለመንግሥት ፈረደ። ፈቃዱ ሕጋዊ ነው አለ። ስለ 27ኛው አንቀጽም ሲናገር፣ ግድቡ በሬንዲር እርባታ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አንቀጹን እስከ መጣስ የሚደርስ አይደለም አለ። ግድቡ ተሠራ፤ ማመንጫውም በ1987 ሥራ ጀመረ። በሙግት ቋንቋ ስንናገር፣ ሳሚዎች በአልታ ፈጽመው ተረትተዋል።

ሆኖም ነገሩ በዚያ አልተዘጋም። ኖርዌይ በዚያን ዘመን ስለ ሌሎች አገሮች ሕዝቦች መብት በዓለም አደባባይ አጥብቃ የምትከራከር አገር ነበረች፤ በምክር ቤቷ ደጅ የተተከለው ድንኳን ፎቶግራፍ ግን በየአገሩ ታየ። እፍረቱ የፖለቲካ ዕዳ ሆነ። ስለዚህ ሙግቱ ገና ሳይፈጸም በ1980 የሳሚዎችን መብት የሚመረምር ኮሚቴ ተሰየመ። ሊቀ መንበሩ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፕሮፌሰር የነበሩት ካርስተን ስሚዝ ናቸው። ስሚዝ ቀድሞ የታወቁት በባንክና በዋስትና ሕግ ነበር፤ ስለ ሬንዲር ብዙ ያውቁ እንዳልነበር ለመገመት አያስቸግርም። እኔ ለሰውየው ያለኝ አክብሮት የሚነሣው ከዚሁ ነው። በ1984 የቀረበው የኮሚቴው ሪፖርት 27ኛውን አንቀጽ አንሥቶ፣ ባህል ማለት መዝሙርና ልብስ ብቻ ሳይሆን ባህሉ የሚቆምበት መተዳደሪያ ጭምር ነው፤ መንግሥትም እጁን መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን በተግባር መርዳት አለበት የሚል ትርጓሜ ሰጠ። በ1982 በፍርድ ቤት ደጅ የተመለሰው ክርክር በኮሚቴው በር ዞሮ ገባ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፈጠነ። በ1987 የሳሚ ሕግ ወጣ። በ1988 ሳሚዎች ቋንቋቸውን፣ ባህላቸውንና ማኅበራዊ ኑሮአቸውን እንዲያዳብሩ መንግሥት ሁኔታውን የማመቻቸት ግዴታ እንዳለበት በሕገ መንግሥቱ ተጻፈ። በጥቅምት 1989 የሳሚ ምክር ቤት በካራሾክ በንጉሥ ኦላቭ 5ኛ ተከፈተ። በ1990 ኖርዌይ ስለ ቀደምት ሕዝቦች የወጣውን የዓለም የሥራ ድርጅት 169ኛ ስምምነት ከአገሮች ሁሉ ቀድማ አጸደቀች። በ1997 ንጉሥ ሃራልድ በዚሁ ምክር ቤት ተገኝተው፣ የኖርዌይ መንግሥት የተመሠረተው በሁለት ሕዝቦች ምድር ላይ መሆኑን ተናግረው ለደረሰው በደል ይቅርታ ጠየቁ። በ1999 ደግሞ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በሰብዓዊ መብቶች ሕግ አማካይነት ከሌሎች የአገሪቱ ሕጎች የበላይነት ተሰጠው። በ2005 በወጣ ሕግ ከፊንማርክ መሬት 95 ከመቶው፣ ማለትም 46 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከመንግሥት እጅ ወጥቶ የሳሚ ምክር ቤትና የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት እኩል ሦስት ሦስት ሰው በሚመርጡለት ድርጅት ሥር ሆነ።

ይህን ሁሉ ስዘረዝር ሁሉ ነገር ለመለመ ማለቴ አይደለም። የሳሚ ምክር ቤት 39 አባላት አሉት፤ ግብር አይጥልም፤ ሥልጣኑ በአመዛኙ የመማከር ነው። የመሬቱም ክርክር አላለቀም፤ የካራሾክ ነዋሪዎች የወረዳው መሬት ባለቤቶች እኛ ነን ብለው ያቀረቡትን ጥያቄ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 አልተቀበለውም።

ለእኛ ሙያ በጣም ጠቃሚ መስሎ የሚታየኝን አንድ ነጥብ ሳላነሣ ወደ ሁለተኛው ሙግት አልሄድም፤ እርሱም የማስረጃ ነገር ነው። ድንኳኑን ነቅሎ የሚሄድ ሕዝብ የድንጋይ አጥር አይተውም፤ የግብር ደረሰኝም የለውም። ከጥንት ጀምሮ በዚህ ስፍራ አግጥመናል ሲል ፍርድ ቤቱ አሳየኝ ይለዋል። በዚህ ምክንያት ሳሚዎች ብዙ ክርክር ተረትተዋል። በ1996 የሬንዲር እርባታ ሕግ ተሻሽሎ የማስረዳት ሸክሙ ወደ ባለ ርስቱ ዞረ፤ በእርባታው ክልል ውስጥ የግጦሽ መብት የለም የሚለው ባለ ርስት የለም ማለቱን እንዲያስረዳ ተደረገ። በ2001 በሴልቡ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የግጦሽ አጠቃቀም መመዘን ያለበት በእርባታው በራሱ ጠባይ መሆኑን ተቀበለ። መንጋ የሚሄደው እንደ አየሩና እንደ ነፋሱ ነውና በአንድ ስፍራ በየዓመቱ አለመታየቱ መብቱን አያስቀረውም ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት እነዚያው ካርስተን ስሚዝ ነበሩ። ማስረጃውን የሚመዝን ዳኛ ሚዛኑ ለማን ተብሎ እንደተሠራ መጠየቅ እንዳለበት ከሴልቡ ይልቅ በጉልህ የሚያሳይ ፍርድ አላውቅም።

አሁን ወደ ፎሰን እንለፍ። ፎሰን በማዕከላዊ ኖርዌይ ምዕራብ ጠረፍ የሚገኝ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ከፍተኛው ስፍራ ነፋሻማ ነው፤ ነፋሱም በረዶውን ይጠርጋል። ለመንጋው መክረሚያ ተስማሚ ያደረገው ይኸው ነው፤ ለነፋስ ኃይል ማመንጫ ተስማሚ ያደረገውም ይኸው ነው። በ2010 ለስቶርሃይያና ለሮአን የነፋስ ማመንጫዎች ፈቃድ ተሰጠ፤ በ2013 ሚኒስቴሩ ይግባኙን ውድቅ አድርጎ ፈቃዱን አጸና። ክርክሩ በመጨረሻው ፍርድ ቤት ሳይወሰን ኩባንያዎቹ መሬቱን አስቀድመው እንዲይዙ ተፈቀደላቸው። በታኅሣሥ 2018 የተባበሩት መንግሥታት የዘር መድልዎ አስወጋጅ ኮሚቴ የስቶርሃይያ ሥራ ለጊዜው እንዲቆም ጠየቀ፤ መንግሥት ግን አላቆመም። በሁለቱ ስፍራዎች 151 ተርባይኖች ቆሙ። ከባለ ድርሻዎቹ መካከል የመንግሥት የኃይል ኩባንያ የሆነው ስታትክራፍት ይገኝበታል። ፈቃድ ሰጪው፣ ባለ ድርሻውና በኋላም የፍርዱ አስፈጻሚ አንድ አካል ሆኑ ማለት ነው።

በይግባኝ ፍርድ ቤት በ2020 ሳሚዎች በገንዘብ ደረጃ ረትተው ነበር። መንጋው በክረምት በበረት ታጉሮ እንዲቀለብ ወደ 90 ሚሊዮን ክሮነር የሚጠጋ ካሣ ተወሰነላቸው፤ ካሣው ስላለ ደግሞ 27ኛው አንቀጽ አልተጣሰም ተባለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለም። ጥቅምት 11 ቀን 2021 ዐሥራ አንዱ ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ የክረምት ግጦሹ መጥፋት በፎሰን ያለውን የሳሚዎች እርባታ ህልውና የሚያሰጋ ስለሆነ ፈቃዶቹ ዋጋ የላቸውም አሉ። መንጋን በረት አስገብቶ በተገዛ መኖ ማቆየት የባህሉን ቦታ እንደሚተካ እርግጠኛ መሆን አይቻልም አሉ። ንጹሕ ኃይል ማስፈለጉንም መዝነው፣ ያን ያህል በማይጎዳ ሌላ ስፍራ ማመንጨት ይቻል ነበር ብለው አለፉት።

ተርባይኖቹ ግን በማግስቱም መዞራቸውን አላቆሙም። ለምን? ክርክሩ የተጀመረው በካሣ ግመታ መዝገብ ነው። ተርባይኖቹ ይነሡ የሚል ጥያቄ በፍርድ ቤቱ ፊት አልቀረበም፤ ስለዚህ ዳኞቹ ፈቃዱን ሻሩ እንጂ ስለ ብረቱ ያዘዙት ነገር የለም። መንግሥት በበኩሉ ፈቃዱ ተሽሮም ቢሆን ተርባይኖቹ የግድ ይነሣሉ ማለት አይደለም፤ አዲስ ጥናት ይደረጋል አለ። ከእናንተ መካከል በአፈጻጸም ችሎት የዋለ ሁሉ ይህን ዓይነቱን መልስ ያውቀዋል። ፍርዱ ከወጣ 500ኛው ቀን በሆነ ጊዜ፣ በየካቲት 2023፣ የሳሚ ወጣቶች በኦስሎ የነዳጅና የኃይል ሚኒስቴርን ያዙ፤ ፖሊስ እየተሸከመ አወጣቸው፤ ተመልሰውም የሌሎች ሚኒስቴሮችን በር ዘጉ። ከሳምንት በኋላ መንግሥት የሰብዓዊ መብት ጥሰቱ እንዳልቆመ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውም ተርባይኖቹን አላቆመም።

የእኔ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። በአልታ ሳሚዎች የተረቱት በሕግ ነው፤ ያልተከፈለ ዕዳ ትተውበት ስለ ወጡ ግን መንግሥት ሕጉን ለመለወጥ ተገደደ። በፎሰን ሕጉ ተለውጦ ጠበቃቸው፤ ነገር ግን ብረቱ ቀድሞ ቆሞ ነበር። ፍርድ ሲደርስ የሚፈጸምበት ነገር ካልጠበቀው ረቺው በእጁ የሚይዘው የውሳኔ ግልባጭ ነው። ስለዚህ የፎሰን ጉዳይ የተወሰነው በ2021 ሳይሆን መሬቱ አስቀድሞ እንዲያዝ በተፈቀደበት ቀን ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። የኖርዌይን ፍርድ ቤት ነፃነት የሚያደንቁ ሰዎች ይህን ስናገር ይቆጡኛል፤ የዳኞቹን ነፃነት እኔም አደንቃለሁ። የምለው ጊዜያዊ እግድ የሚታይበት ችሎት ከዋናው ፍርድ የማይተናነስ ጥንቃቄ ይሻል ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የ169ኛው ስምምነት አባል አይደለችም፤ ቃል ኪዳኑን ግን በ1993 ተቀብላለች፤ ስለዚህ 27ኛው አንቀጽ እኛንም ያስራል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ ለአርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት ይሰጣል። ሴልቡ የመለሰው ጥያቄ፣ ማለትም በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ የሚያዝ መሬት «ይዞታ» ነው ወይ የሚለው፣ በእኛም ችሎቶች ሊነሣ የሚችል ጥያቄ ነው።

ፎሰን በመጨረሻ የተቋጨው በፍርድ ሳይሆን በስምምነት ነው፤ የደቡቡ ወገን በታኅሣሥ 2023፣ የሰሜኑ በመጋቢት 2024 ፈረመ። ተርባይኖቹ በፈቃዱ ዘመን ውስጥ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ አርቢዎቹ ካሣና ከፎሰን ውጭ ተጨማሪ የክረምት ግጦሽ ያገኛሉ፤ ዘመኑ ሲያልቅ ፈቃዱ የሚታደሰው እነርሱ ከተስማሙ ብቻ ነው። ከአርቢዎቹ አንዳንዶቹ በድካም ፈረምን ብለዋል ቢባል አልደነቅም፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ተሟግተዋልና። ተጨማሪ ግጦሽ ይገኝበታል የተባለው ምድርም በረሃ አይደለም፤ ሌሎች አርቢዎችና ባለ ርስቶች ያሉበት ነው፤ የእነርሱም ፈቃድ መጠየቁ አይቀርም።